የአክስቴ ልጅ ከዴንቨር እንጉዳይ ልላክልሽ አለኝ፤ ልውሰደው?

«ሰላም እህቴ። ዕድሜዬ 36 ነው፣ የ9 እና የ5 ዓመት ልጆች አሉኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ከቂርቆስ ወደዚህ የመጣነው ዕጣ ደርሶን ነው፣ ጎረቤት ብዙም አላውቅም። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። መኪናው ተገልብጦ ከሞተ ዓመት ከአራት ወር ሆነው። የተቀበረው በትውልድ አገሩ፣ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ነው። ሰልስት እንዳለፈ ተመለስኩ፣ ሥራም ልጆችም ነበሩ። ለሙት ዓመቱ ገንዘብ ላክሁ እንጂ መሄድ አልቻልኩም። ስልኩን እስከ ዛሬ ቻርጅ አደርገዋለሁ። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ልቤ ቀጥ ይላል፣ ቤታችን ደግሞ ከመንገዱ አይርቅም። አንዳንዴ እሱ ያለበት ብሆን ይሻለኛል እላለሁ። ጤና ጣቢያ አሚትሪፕቲሊን ሰጡኝ፣ ያስተኛኛል፣ ሌላ ነገር የለውም። የአክስቴ ልጅ ዴንቨር ነው። እዚያ እንጉዳይ ተፈቅዷል፣ ሰው በአንድ ቀን ከሐዘኑ ይወጣል እያለ ቪዲዮ ይልክልኛል። አሁን ሰው ሲመጣ በቸኮላት መልክ ልላክልሽ፣ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ትወስጂዋለሽ ይለኛል። እኔ ሱስ የለብኝም፣ ጫት እንኳን ቀምሼ አላውቅም። ታላቅ ወንድሜ ድሮ አማኑኤል ተኝቶ ነበር፣ አሁን ደህና ነው፣ ግን በእሱ ምክንያት ቤተሰቦቼ የአእምሮ ሐኪም ሲባል ይሸማቀቃሉ። ምን ትመክሪኛለሽ? ልውሰደው ወይስ ኃጢአት ነው? ም. ነኝ ከቱሉ ዲምቱ»

እህቴ ም.፣ ነፍስ ይማር። እግዚአብሔር ያጽናሽ።

መልሱን ፍለጋ እስከ ታች እንዳትወርጂ አሁኑኑ ልንገርሽ፤ ቸኮላቱን አትቀበዪ። «ዕፅ ነው፣ ነውር ነው» ብዬ ልዘጋሽ ግን አልፈልግም። የአክስትሽ ልጅ ከመሬት ተነስቶ አይደለም የሚያወራው። የነገረሽ ነገር ግማሹ እውነት ነው። የሚያሳስበኝ ያልነገረሽ ግማሹ ነው።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር። «እሱ ያለበት ብሆን ይሻለኛል» ብለሻል። ለቅሶ ቤት ውስጥ «ምነው እኔን በወሰደኝ» ሳይባል አይዋልም፣ ስለዚህ አልደነገጥኩም። ግን ፊት ለፊት ልጠይቅሽ፤ ናፍቆት ነው ወይስ ራስሽን ስለማጥፋት ታስቢያለሽ? እንዴት፣ መቼ እያልሽ ማሰብ ከጀመርሽ ይህን ጽሑፍ እዚሁ ተዪው። ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሪ፣ ይዞሽ ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። ሌሊትም ቢሆን። ናፍቆት ብቻ ከሆነም አሚትሪፕቲሊኑን የምታምኚው ሰው ጋ አስቀምጪና የሳምንት የሳምንቱን ይስጥሽ። ይህ ክኒን በልኩ ሲወሰድ ይጠቅማል፣ ብዙ ፍሬ በአንድ ጊዜ ከተወሰደ ግን የልብ ምትን አዛብቶ ሊገድል ይችላል፣ ቤት ውስጥ ደግሞ የአምስት ዓመት ልጅ አለ። በራስሽ ውሳኔ ግን እንዳታቆሚው።

እሺ፣ አሁን ወደ እንጉዳዩ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።)

ንጥረ ነገሩ ሲሎሳይቢን ይባላል። በተወሰኑ የእንጉዳይ ዓይነቶች ውስጥ ይገኛል። ሜክሲኮ ኦሃካ ውስጥ ያሉ የማሳቴክ ሕዝቦች ለፈውስ ሥርዓታቸው ይጠቀሙበት ነበር። በ1958 አልበርት ሆፍማን የሚባል የስዊዘርላንድ ኬሚስት ከእንጉዳዩ ለይቶ አወጣው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ስፕሪንግ ግሮቭ በሚባል ቦታ ሐኪሞች የዚህን ዘመድ፣ ኤልኤስዲን፣ ሞት ለቀረባቸው የካንሰር ሕሙማን ሞከሩ። ጥሩ ምልክትም አይተው ነበር። ግን መድኃኒቱ ከላብራቶሪ ወጥቶ መንገድ ላይ ወረደ፣ ፖለቲካም ገባበት። አሜሪካ በ1970 ከለከለችው፣ በ1971 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ዓለም አቀፍ ቁጥጥር ውስጥ አስገባው። ምርምሩ ለብዙ ዓመታት ተኛ።

አሁን ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ የምታዪው ወሬ ብዙው የሚጠቅሰው በ2016 የወጡ ሁለት ጥናቶችን ነው። አንደኛው በጆንስ ሆፕኪንስ 51 ሰው፣ ሌላው በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ 29 ሰው ላይ የተሠራ። ሁሉም ካንሰር ያለባቸው፣ በጭንቀትና በድባቴ የሚሰቃዩ ነበሩ። የሆፕኪንሱ ውጤት ሲታይ ከስድስት ወር በኋላ ከአሥሩ ስምንቱ ገደማ ጭንቀታቸውና ድባቴያቸው በግልጽ ቀንሶ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ በተወሰደ ከፍተኛ መጠን! ይህን የማጣጥልበት ምክንያት የለኝም፣ ዘወትር ክኒን ለሚውጥ ሰው እንዲህ ያለ ነገር መስማት ያጓጓል።

ልብ በይ ግን፤ እነዚህ ሰዎች የሚፈሩት የራሳቸውን ሞት ነው። አንቺ የምታዝኚው በሌላ ሰው ሞት ነው። ለአንቺ ነገር ቀረብ የሚለው በ2020 ከሳን ፍራንሲስኮ የወጣው ነው። የኤድስ ወረርሽኝ በከፋበት ዘመን የሚወዷቸውን ሰዎች እየቀበሩ እነሱ ተርፈው የቀሩ፣ አሁን በዕድሜ የገፉ ወንዶች። በቡድን እየተሰበሰቡ እያወሩ በመሀል እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ሲሎሳይቢን ወሰዱ፣ ተስፋ መቁረጣቸውም ቀለል አለ። ስንት ነበሩ? 18 ሰው። ያውም መድኃኒቱን ካልወሰዱ ሰዎች ጋር ሳይነጻጸሩ። ሐዘንን ብቻ ብለው የተሠሩ ጥናቶች ጥቂትና ትንንሽ ናቸው። ሌላም ጣጣ አለ፤ በእነዚህ ጥናቶች እውነተኛውን የወሰደ ሰው መውሰዱን ያውቀዋል፣ ግድግዳው ሲተነፍስ እያየ «ስኳር ነው የሰጡኝ» አይልም። ስለዚህ ከመሻሉ ውስጥ የመድኃኒቱ ድርሻ ስንት፣ የተስፋው ድርሻ ስንት የሚለው አልተለየም።

«ተፈቅዷል» ስለሚለውም ልንገርሽ። ዴንቨር በ2019 እንጉዳይ የያዘ ሰው እንዳይከሰስ ወሰነች። የኮሎራዶ ሕዝብ ደግሞ በ2022 ድምፅ ሰጥቶ ፈቃድ ያላቸው ማዕከላት እንዲከፈቱ አደረገ፣ ኦሪገን ከዚያ ቀድማለች። አውስትራሊያ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ የተፈቀደላቸው ሳይካትሪስቶች እንዲያዙት ፈቅዳለች፣ ግን በሌላ መድኃኒት አልሻል ላለ ድባቴ እንጂ ለሐዘን አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ እስከ 2025 ድረስ አልፈቀደውም። በ2024 ደግሞ ኤምዲኤምኤ የሚባለውን ሌላውን መድኃኒት ለአሰቃቂ ትዝታ ሕክምና እንዲፈቀድ ሲጠየቅ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ተጨማሪ ጥናት አምጡ ብሎ መለሰው። የአክስትሽ ልጅ ቤቱ ቢይዘው የሚነካው የለም ይሆናል። በሰው ሻንጣ ቦሌ ሲደርስ ግን ሌላ ታሪክ ነው። የእኛ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 እንዲህ ያሉ ነገሮችን ማስገባትንም መጠቀምንም ይከለክላል፣ ያስቀጣል። ስሙ ቸኮላት መሆኑ አያድንም። ቸኮላቱን ይዞ የሚመጣው ሰውዬ ምን እንደያዘ ይነገረው ይሆን? አይመስለኝም።

የኃጢአቱን ነገር ለንስሐ አባትሽ እተወዋለሁ፣ እኔ የዚያ ሥልጣን የለኝም።

አሁን ወዳልተነገረሽ ግማሽ ልምጣ። እዚያ ጥናት ውስጥ የሚደረገው ምንድን ነው? መጀመሪያ ይመረምሩሻል፤ ደም ግፊት፣ ልብ፣ የምትወስጂው መድኃኒት፣ የቤተሰብ ታሪክ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይመለሳል። ካለፍሽ ከሁለት ባለሙያዎች ጋር ለሰዓታት ታወሪያለሽ፤ ስለ ሕይወትሽ፣ ስለ ሟቹ፣ ስለምትፈሪው ነገር። እስክትለምጂያቸው ድረስ። የመድኃኒቱ ቀን ሳሎን በሚመስል ክፍል ሶፋ ላይ ትጋደሚያለሽ፣ ዓይንሽ ይሸፈናል፣ ሙዚቃ ይከፈትልሻል። ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ይቆያል። ሁለቱ ሰዎች አጠገብሽ ናቸው። ብትጮኺ አሉ፣ ብታለቅሺ አሉ፣ ብትፈሪ እጅሽን ይይዙሻል። ደስ የሚል ነገር ብቻ እንዳይመስልሽ፣ ብዙዎች በመሀል ከባድ ፍርሃት ያያሉ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናትና ሳምንታት ደግሞ ተመልሰሽ ስለታየሽ ነገር ታወሪያለሽ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ነው ሕክምናው። ከዴንቨር የሚላክልሽ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ንጥረ ነገሩ ብቻ ነው። ማደንዘዣው በፖስታ ደርሶሽ፣ ሐኪሙ ቀርቶ፣ ኦፕራሲዮኑን ቤትሽ ጨርሺው እንደማለት ነው።

አስቢው እስቲ። ማታ ነው። ሁለቱ ልጆች ተኝተዋል። ቸኮላቱን በላሽ። ምን ያህል ሚሊግራም እንዳለው አታውቂም፣ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውም ከውስጡ ካለው ጋር ላይገጥም ይችላል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ባልሽ የሞተበት መኪና ክፍሉ ውስጥ ነው ያለው፣ አንቺ ደግሞ መውጫው ጠፍቶሻል፣ ውጪ እውነተኛው ከባድ መኪና ያልፋል። ትንሹ ልጅ ሽንት ቤት ሊሄድ ተነሳና አየሽ። ማን አለ? በሩን አንኳክተሽ የምትጠሪው ጎረቤት እንኳን የለሽም። ይህን የምጽፈው ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም፣ ጥናቶቹ ውስጥ ሁለት ሰው የሚቀመጠው ለዚህ ስለሆነ ነው። ደግሞ የተረፈውን ፍሪጅ ውስጥ ብታስቀምጪው፣ ልጆች ቸኮላት ካገኙ ምን እንደሚያደርጉ አንቺው ታውቂያለሽ።

ወንድምሽን ሰውሮ የማለፍ ያህል በአንድ መስመር ጽፈሽው አልፈሻል። እኔ ደብዳቤሽን ሳነብ ከሁሉም በላይ ያቆመኝ እሱ ነው። አማኑኤል ሲተኛ ሕመሙ ምን ነበር? ድምፅ ይሰማው፣ ሰው ይከታተለኛል ይል ነበር? ወይስ ለሳምንታት ሳይተኛ በደስታ ይከንፍ ነበር? ስኪዞፍሬንያ ወይም ባይፖላር ከሆነ፣ በእነዚህ ጥናቶች ወንድሙ ወይም እናቱ እንዲህ ያለ ሕመም የነበረበትን ሰው አያስገቡም። ራሱ ጤነኛ ቢሆንም አያስገቡም። በቤተሰብ ያለው ተጋላጭነት ተኝቶ ሊኖር ይችላል፣ ሳይኬዴሊክ ነገር (እንደ ሲሎሳይቢንና ኤልኤስዲ ያለው) ደግሞ እንዳይቀሰቅሰው ስለሚፈሩ። እነዚያ 80 ሰዎች ውስጥ ደህና ስለሆኑት ስንሰማ መጀመሪያውኑ እንዳንቺ ያለው ሰው በር ላይ ተመልሶ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ቪዲዮው ላይ ያለችው ሴት ምንም ያህል ብታምርና ብትስቅ፣ የእሷ ታሪክ ያንቺ አይደለም።

አሚትሪፕቲሊኑም አለ። በጥናቶቹ ውስጥ የድባቴ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ባብዛኛው በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ካላቆመ አይጀምርም። አንዱን በአንዱ ላይ ደርቦ በራስ መሞከር አይሆንም።

ለጥንቃቄ ያህል ሁለት ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ይህን የሚያነብ ሌላም ሰው አለ። «ከዴንቨር ምን አደከመኝ» ብሎ በክረምት ሜዳ ላይ የሚበቅለውን የጅብ ጥላ የሚለቅም ሰው እንዳይኖር። አንዳንዱ እንጉዳይ መጀመሪያ ያስመልሳል፣ ከዚያ የተሻለ ያስመስላል፣ ከቀናት በኋላ ጉበት ይጨርሳል። ሌላው ኬታሚን ነው። እሱ እኛም ሆስፒታሎች ውስጥ ለኦፕራሲዮን ማደንዘዣነት አለ፣ አሜሪካ ደግሞ ከዘመዱ የተሠራ በአፍንጫ የሚረጭ መድኃኒት በ2019 አልሻል ላለ ድባቴ ተፈቅዷል። ግን በሐኪም ቁጥጥር ስር እንጂ የሚያውቁት ነርስ ቤት አምጥቶ የሚወጋው ነገር አይደለም። አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ከቀረበሽ ሽሺ።

እንጉዳዩን ጨረስኩ። አሁን ስለ አንቺ እናውራ።

መርዶው መጣ፣ ተጫንሽ፣ ደብረ ብርሃን ሄድሽ፣ ተቀበረ፣ በሦስተኛው ቀን ሰልስት ወጣ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ ተመለስሽ። እዚያ ቀርተው አርባውን፣ ሰማንያውን ያወጡት የእሱ ዘመዶች ናቸው። ቂርቆስ ብትሆኚ ኖሮ የእድሩ ድንኳን በርሽ ላይ ይተከል ነበር፣ ንፍሮው ይቀቀል ነበር፣ እነዚያ የሚያስቸግሩ አሮጊቶች (እግዚአብሔር ይባርካቸው) ለሳምንታት እየመጡ «እስቲ እንዴት ሆኖ ነው የሞተው?» እያሉ ታሪኩን ሺህ ጊዜ ያስወሩሽ ነበር። በጊዜው ያናድዳል። ግን ሰው በዚያ ነው ወሬውን ከአፉ የሚያወጣው። አንቺ ያለሽው አራተኛ ፎቅ ይሁን አምስተኛ፣ በሩ ሲዘጋ ማንም የማያውቅሽ ብሎክ ውስጥ ነው። ከከተማው ዳር ዳር የሰፈርነው ሰዎች ቤት አግኝተን ያጣነው ነገር ቢኖር ይኸው ነው፣ እድሩ ገንዘቡን በቴሌብር ይልካል፣ ሰዎቹ ግን ሁለት ታክሲ ተሳፍረው ማታ ማታ ሊመጡልሽ አይችሉም።

እንደገባኝ ከሆነ ይህን ሞት ለማንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተርከሽው አታውቂም። ተሳስቼ ከሆነ አርሚኝ።

በዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ ከ2022 ጀምሮ የተራዘመ ሐዘን የሚባል ራሱን የቻለ ሕመም አለ። ሰው ከሞተ ቢያንስ ስድስት ወር አልፎ፣ ናፍቆቱ ወይም የሟቹ ሐሳብ በየቀኑ እየያዘሽ፣ ኑሮሽን ሲያውክ ነው። አሜሪካኖቹ ለአዋቂ ሰው 12 ወር ይላሉ። የዓለም ጤና ድርጅቱ ላይ ደስ የሚለኝ ነገር ሐዘኑ ከሰውየው ባህልና ሃይማኖት ልማድ ያለፈ መሆን አለበት ማለቱ ነው፤ እኛ ዘንድ ዓመት ሙሉ ጥቁር መልበስ ያለ ስለሆነ በስድስት ወሯ ያለቀሰችን ሴት ሁሉ በሽተኛ አይላትም። አንቺ ግን ዓመቱን ተሻግረሻል። ስልኩ፣ መኪናው፣ ሙት ዓመቱ ላይ አለመሄድሽ፣ አንድ ላይ ሲታዩ ባለሙያ ሊያየው የሚገባ ነገር ነው። አለብሽ አላልኩም፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ይታይ ነው የምለው።

ለዚህ ደግሞ ያለ ምንም እንጉዳይ የሚሠራ ሕክምና አለ። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያለችው ካትሪን ሺር የምትባል ሳይካትሪስት ያዘጋጀችው ነው፣ 16 ቀጠሮ ነው። ዓይንሽን ጨፍነሽ ሞቱን የሰማሽበትን ሰዓት አሁን እየሆነ እንዳለ ትተርኪያለሽ። ድምፅሽ ይቀዳል፣ ቤት ሄደሽ ታዳምጪዋለሽ። የምትሸሺውን ቦታ ቀስ በቀስ ትሄጂበታለሽ። በምናብሽ ከሟቹ ጋር ታወሪያለሽ፣ በእሱም አንደበት ለራስሽ ትመልሻለሽ። ከዚያ ጎን ለጎን ደግሞ ወደፊት ምን መሆን እንደምትፈልጊ ትነጋገራላችሁ። በ2016 በወጣ 395 ሰው ባሳተፈ ጥናት ሲታይ ሐዘኑን ያቀለለው ይህ ንግግር ነው፤ ሲታሎፕራም የሚባለው የድባቴ ክኒን ሲጨመርበት ድባቴውን ረዳ እንጂ ሐዘኑን ከንግግሩ በላይ አላቀለለውም። ክኒኑ ያስተኛኛል፣ ሌላ ነገር የለውም ያልሽው ለዚህ ይሆናል። ክኒኑ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ሥራው ሌላ ስለሆነ ነው። (እኔማ ይህን ሳነብ አልቃሾቻችን ናቸው ትዝ ያሉኝ። ስሙን እየጠሩ፣ ሥራውን እየዘረዘሩ፣ ሰው እንዲያለቅስ የሚያስገድዱት።)

ይህን ሕክምና በስሙ ጠርተሽ ብትጠይቂ በየሆስፒታሉ አታገኚው ይሆናል። ስለዚህ በስም አትጠይቂ። ጤና ጣቢያሽ ተመለሺና ለአእምሮ ሕክምና ሪፈር አጽፊ። ለሚያይሽ ባለሙያ እንዲህ በይው፦ «ባሌ ከሞተ ዓመት ከአራት ወር ሆነው፣ ስለሞቱ ቀን ማሰብ አልቻልኩም፣ ሞትን እመኛለሁ፣ ወንድሜ አማኑኤል ተኝቶ ነበር፣ ይህን ክኒን እወስዳለሁ። ክኒን ብቻ ሳይሆን የማወራው ሰው እፈልጋለሁ።» አምስቱንም ተናገሪ፣ አንዱንም አትሰውሪ። ወረፋ ይኖራል፣ የመጀመሪያው ሰው ሊያጣድፍሽ ይችላል። ካጣደፈሽ የሥነ ልቦና ባለሙያ እንዲልክሽ ጠይቂ። ቤተሰቦችሽ ከተሸማቀቁ ይሸማቀቁ፣ ወንድምሽ ራሱ እኮ ታክሞ ነው ደህና የሆነው። እንዲያውም ወንድምሽ አብሮሽ ይሂድ፣ መንገዱን ያውቀዋል።

ጠበል ከሄድሽም ሂጂ፣ ሁለቱ አይጣሉም። መድኃኒትሽን ጣዪ የሚልሽን ግን አትስሚ።

ቤት ውስጥ ደግሞ ከልጆቹ ጀምሪ። ትልቁ ልጅ አባቱ እንዴት እንደሞተ ምን ያህል ያውቃል? «ጅቡቲ ሄዷል» ብለሽው ከሆነ ዘጠኝ ዓመት የሆነው ልጅ እውነቱን ከትምህርት ቤት ልጆች ሳይሰማው አይቀርም፣ አንቺን እንዳያስከፋሽ ዝም ብሎ ይሆናል። ባጭሩ፣ በእውነት ንገሪው። ካለቀሳችሁ አልቅሱ። ስልኩን አትዝጊው፣ ማንም «አሁንስ በዛ» ብሎ አያዝዝሽ። ግን አንድ ቀን ልጆቹን አስቀምጪና ውስጡ ያሉትን ፎቶዎች አብራችሁ እዩዋቸው፣ ድምፁም ካለ ስሙት። ለብቻሽ በሌሊት ከምታዪው ይሻላል።

መቃብሩ ጋ መሄድ ግን ብቻሽን አይደለም። ከእሱ እህት ወይም ከአንድ የቂርቆስ ሰው ጋር፣ ዓመት በዓል ሳይሆን በተራ ቀን፣ ያኔም ከባለሙያው ጋር ከተነጋገርሽ በኋላ። ሄደሽ ካልቻልሽ ከመንገድ ተመለሺ፣ ማንም አይቆጥርብሽም። ብሎካችሁ ላይም እድር ካለ ተመዝገቢ። ካልተቋቋመ ደግሞ ከታች ያለችውን ሱቅ ባለቤት ጠይቂያት፣ በየኮንዶሚኒየሙ ለማቋቋም የሚሯሯጥ አንድ ሰው አይጠፋም፣ ለቡና የምትጠሪው የመጀመሪያ ሰው እሱ ወይም እሷ ትሁን።

ለአክስትሽ ልጅ እንዳትቆጪው። ከሩቅ ሆኖ የቸገረው ሰው ነው። እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፦ «ወንድሜ ታሞ ስለነበር ለእኔ አይሆንም፣ በሰውም እንዳትልክ። ልትረዳኝ ከፈለግህ ግን ለሐኪም ቤት ትራንስፖርትና ለቀጠሮ ላክልኝ፣ እሑድ እሑድ ደግሞ ደውልልኝ። ስለ እሱ አወራለሁ፣ አንተ ዝም ብለህ ስማኝ።» እዚያ ሌሊት ከሆነ እዚህ ቀን ነው፣ ልጆቹ ከመንቃታቸው በፊት ያለውን ሰዓት ብትመርጡት ይመቻችኋል።